ከሃምሳ አንዱ ክር

ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ዳገቱን በሚጀምርበት ቦታ፣ ዳኜ የሚባል ሸማኔ ነበር። ነበር ሲባል ሞቷል ማለት አይደለም፤ አለ። እንዴት ሊኖር እንደቻለ ነው ነገሩ።

ዳኜ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ እዚሁ ጉለሌ ሥራ ይዞ፣ የነቀምቴዋን አስቻለችን በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አግኝቶ አግብቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ኖሯል። ቤቷ የኋላ ግድግዳ አልነበራትም። የላይኛውን ሰፈር አፈር ደግፎ የያዘው የድንጋይ ግንብ ራሱ ግድግዳዋ ነበር፤ ቆርቆሮው ከእሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወርዳል። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ዳኜ የሽመና ጉድጓዱን የቆፈረው ፊቱን ወደ በሩ፣ ጀርባውን ወደ ግንቡ አድርጎ ነው። ከወገቡ በታች ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን ይረግጣል፣ ከወገቡ በላይ መወርወሪያውን ይልካል። ግትር ሰው ነው። ይህን ሚስቱም ታውቃለች፣ ቤተ ክርስቲያኑም ያውቃል፣ ሸማ ያዘዙት ሁሉ ያውቃሉ። የጀመረውን ድር ሳይጨርስ ከቦታው የሚያነሣው ነገር አልተገኘም።

አንድ ልጅ አለችው፣ ኢየሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ዳኜ ይህን ለታክሲ ረዳት ሳይቀር ይናገራል። ምን እንደምታጠና ሲጠየቅ ግን ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ሌላ ነገር ያወራል።

በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ኢየሩ ከዶርም መጥታ ደጃፉ ላይ ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን አጨማዳ ተቀመጠች። ዳኜ ከጉድጓዱ ሆኖ ሲያያት ቆየና አላስችል አለው።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተኮሳተርሽው?»

«አንድ ነገር አልወጣ ብሎኝ ነው አባዬ። ቴሲሴ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ።»

«ንገሪኛ።»

«አይገባህም ብዬ ሳይሆን፣ እ... ማለቴ...»

«ብለሽ ነው እንጂ!» አላት፤ ሳቀችና ላፕቶፑን ዘጋችው።

«አንዲት በጣም ትንሽ ነገር አለች እንበል፤ በዓይን የማትታይ። ስትለካት ወይ እዚህ ትገኛለች ወይ እዚያ። አንዳንድ የፊዚክስ ሰዎች ምን ይላሉ መሰለህ? ሁለቱም ይሆናል ይላሉ። ዓለም ለሁለት ትከፈላለች። በአንዱ ዓለም ‹እዚህ አገኘኋት› የምትል ኢየሩ አለች፣ በሌላው ‹እዚያ አገኘኋት› የምትል። ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ሁለቱም የእውነት ናቸው። በቃ፣ አይተያዩም፣ አይደማመጡም።»

ዳኜ መወርወሪያውን አቆመ። «ደስ የማይል ነገር ነው» አለ።

«ደስ ይበልም አይበልም ችግሬ እሱ አይደለም። ዕድሏ እዚህ ከአሥር ዘጠኝ፣ እዚያ ከአሥር አንድ ነው እንላለን፤ ደጋግመህ ስትለካም እንደዚያው ነው የሚወጣው። ግን ሁለቱም የሚሆኑ ከሆነ ዘጠኝና አንድ ከየት መጣ? ያሉት ሁለት ዓለሞች ናቸው። ግማሽ ግማሽ መሆን ነበረበት። ‹ሕጉ ነው፣ ተቀበሉት› ብዬ መጻፍ አልፈልግም። ከራሱ ከነገሩ ማውጣት ነው የምፈልገው።»

ዳኜ የሚሠራውን ነጠላ በሁለት ጣቱ ወጠር አደረገው። ነጭ መስክ፣ ዳር ላይ ቀጭን ቀይ ጥለት።

«ይሄ ስንት ቀለም አለው?»

«ሁለት።»

«ግማሹ ቀይ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ዳሩ ብቻ ነው።»

«ለምን? ሁለት ቀለም አይደለም እንዴ?» አላትና ቀጠለ፤ «ቀለም እየቆጠርሽ ነው ልጄ። የሚቆጠረው ክር ነው።»

ኢየሩ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ተነሥታ ድሩ አጠገብ ተንበረከከች። «እሺ፣ ክሮቹ እኩል መሆናቸውን ግን በምን ታውቃለህ? ማንም ሰው ‹እኩል ናቸው› ሊል ይችላል።»

«ይቺን ነጭ በዚያች ነጭ ቦታ፣ ያቺን በዚህች ቦታ ባስገባ ጨርቁ ይለወጣል?»

«አይለወጥም።»

«ቢለዋወጡ የሠራሁት እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም። እንግዲህ ይቺ ከዚያች ትበልጣለች የምልበት ምን ምክንያት አለኝ? እኩል ናቸው።»

ልጅቷ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ቴሲሷ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ያልተመጣጠኑትን ዓለሞች እኩል ክር እስኪሆኑ ድረስ ሰንጥቃ፣ አንዱን በአንዱ ለውጣ ምንም እንደማይለወጥ አሳየች፤ ስለዚህ እኩል ዕድል አላቸው፣ ከዚያ መቁጠር ብቻ ነው የቀረው አለች። ሒሳቡ ሰባ ገጽ ፈጀ። በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር በየዓለሙ የሚሆን ከሆነ አስተዋይ ሰው ሲወስን ለእያንዳንዱ ዓለም መጨነቅ ያለበት በክሩ ብዛት ልክ ነው ብላ ጻፈች። የምስጋናው ገጽ ላይ «ክር መቁጠር ላስተማረኝ አባቴ» ይላል። ዳኜ ያቺን ገጽ በላስቲክ አስለብጦ ግንቡ ላይ ሰቀላት፤ አስቻለች ደግሞ እንዲህ ከኮራ ምሳውን ከዩኒቨርሲቲ ያስመጣ እያለች አሾፈችበት።

ገጿ ከተሰቀለች ከአንድ ወር በኋላ፣ ሐምሌ ገብቶ ሦስት ቀን ሲዘንብ፣ ከላስቲኩ ሥር ስንጥቅ ታየ።

መጀመሪያ ያየችው አስቻለች ናት። ከጣሪያው ጀምሮ በድንጋዮቹ መገናኛ እየታጠፈ እስከ ወለሉ ወርዷል፤ ትንሿ ጣቷ ገባችበት። አከራያቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ «ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያለ ግንብ ነው፣ ከእኔና ከእናንተ በላይ ይቆያል» ብለው አጣጣሉት። አስቻለች አልተዋጠላትም። እህቷ ኮልፌ አንድ ክፍል አላት።

«ክረምቱን እዚያ እናሳልፍ ዳኜ። በእናትህ።»

«ድሩስ? የሠርግ ልብስ እኮ ነው። ሌላ ቦታ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ድሩን እንደገና ወጥሬ እስክጀምር ሙሽራዋ ትወልዳለች።»

«ይህ ነገር ቢወርድብንስ?»

ዳኜ ሚስቱን እንደሚወድ ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ ግትርነቱን በባለሙያ ሊያስደግፍ አብሮት የሚጸልየውን ኢንጂነር ጌቱን ጠራው። ጌቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጣ። እንግዳ ሲመጣ በሸማኔ ቤት እንደሚደረገው ሁሉ፣ ዳኜ ድሩን ወደ ጎን ሰብስቦ ጉድጓዱ ላይ ጣውላ ጋደመ፣ በጣውላው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፣ በምንጣፉ ላይ አግዳሚ ወንበር አኖረ። እንግዳ ሰው እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ነውር ነው። ጌቱ ከደጃፉ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ጫማውን አራግፎ ገባ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ጠጣ፣ ስንጥቁን በባትሪ አየ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጥቶ የውሃ መውረጃውንና የግንቡን አናት መረመረ። እውነተኛ ሰው ነው፤ አልቸኮለም።

«ጋሽ ዳኜ፣ እንዲህ ዓይነት ግንብ ብዙ አይቻለሁ» አለ ሲመለስ። «ስንጥቁ ደስ አይልም፣ ግን መሠረቱ ካልተነካ ድንጋዩ ይይዛል። እንደዚህ ካሉ ሃምሳ ግንቦች በአንድ ክረምት ቢወርድ አንዱ ነው። መስከረም ላይ ያስጠግኑት። እስከዚያው አይጨነቁ።»

ዳኜ እንግዳውን እንደሸኘ አርባ ዘጠኝ ነጭ ክርና አንድ ጥቁር ክር ቆጥሮ አሰረና ምሰሶው ላይ አንጠለጠለው። «ይኸው አስቻለች» አለ። «ሃምሳ ናቸው። ጥቁሯን ፈልገሽ አግኚያት እስቲ።»

«እኔ ክር አይደለሁም» አለችው፤ ጨርቆቿን በአንዲት ሻንጣ ከትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኮልፌ አላነሣችም።

ኢየሩ በሳምንቱ መጥታ የክሩን እስር አየችው። ዳኜ እየኮራ ነገራት፤ የእሷን ትምህርት በተግባር ማዋሉ ነበርና ሙገሳ ጠበቀ። ልጅቷ ግን እስሩን በጣቷ እየበተነች ጥቁሯን አገኘቻትና ይዛት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ በጻፍኩት መሠረት ይቺ ‹ላይሆን ይችላል› ማለት አይደለችም። አለች ማለት ነው። ግንብ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ዝናቡም አፈሩም ከትንንሾቹ ነው የተሠራው። ግንቡ የሚወርድበት ዓለም አለ።»

«እኛም አለንበት?»

«ከዚህ ካልወጣችሁ፣ አላችሁበት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ቀጭን ናት ግን» አለ ዳኜ።

«ቀጭን ናት።»

«እዚያ ውስጥ ላለው ዳኜስ? ቀጭን መሆኑ ይታወቀዋል?»

«አይታወቀውም። ለእሱ ሙሉ ክረምት ነው። ድንጋዩም ሙሉ ድንጋይ ነው።»

ዳኜ ፈራ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጀርባው ላይ አንድ ሰው የቆመ ይመስለው ነበር። ግን የፈራ ግትር ከደፋር ይልቅ ይብሳልና ድምፁን ከፍ አደረገ። «አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው? ለእያንዳንዱ በክሩ ልክ ነው የሚታሰበው ብለሽ? አርባ ዘጠኙ ዳኜዎች የሰው የሠርግ ልብስ በሰላም ያስረክባሉ። ለአንዱ ብዬ አርባ ዘጠኙን ቃል አባይ ላድርጋቸው?»

ኢየሩ ጥቁሯን ክር መልሳ እስሩ ውስጥ ከተተቻት። አራተኛውን ምዕራፍ የጻፈችው እሷ ናት፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ስትወጣ እናቷን ሁለት ጊዜ አቀፈቻት፤ ከዚህ ቤት ስትወጣ ሁለት ጊዜ አቅፋ አታውቅም።

ቴሲሷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት የዲፌንስ ቀን በሐምሌ ማለቂያ ዋለ። ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። እንጦጦ በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ጎርፉ ቀይ አፈር ይዞ ይወርዳል። ዳኜ ጸልዮላት ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። የሠርጉ ልብስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። አስቻለች ጉልበቷን ስላመማት በውስጠኛው ክፍል አልጋዋ ላይ ሆና ትፈትላለች።

አራት ሰዓት ሲሆን እግሩ ቀዘቀዘው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አለ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ በየክረምቱ ያጋጥማል። በጣሳ ቀድቶ ወደ ደጅ ደፋው። ተመልሶ ሲገባ ግን ውሃው ከፊት ከበሩ በኩል እንዳልመጣ አስተዋለ። ከኋላው ነው የሚመጣው። ጭቃ ይዟል፤ ጣቱን ሲነክርበት ደቃቅ ጠጠር አለበት። ሦስት ጣሳ ቀዳ። አራተኛውን ተወውና መወርወሪያውን አነሣ። አንድ ክንድ ነው የቀረው።

ስልኩ የተቀመጠው ምሰሶው ላይ፣ ከክር እስሩ አጠገብ ነው። ዳኜ እጁ ድር ላይ ሳለ ስልክ አያነሣም፤ ሃያ ጊዜ ቢጠራ አያነሣም፤ ስንቱን ደንበኛ ያስቀየመው በዚህ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብማ ጥሪውንም አይሰማው። በዚያች ደቂቃ ግን ዝናቡ ትንፋሽ ወሰደ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ስልኩም ጮኸ። ስሟን ስላየ ብቻ አነሣው። ማለፏን ልትነግረው ነው።

«አለፍሽ?»

«አባዬ፣ ጌቱ ጉድጓዱን አይቶታል?»

«የቱን ጉድጓድ?»

«ያንተን! የምትሸምንበትን! ፈታኙ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ፤ ‹ክሩን መቁጠርሽ ጥሩ፣ ግን ድሩን ስትዘረጊ አንድ ነገር ረስተሽ ከሆነስ? ያኔ የቆጠርሽው የሌላ ጨርቅ ክር ነው› አለኝ። ጉድጓዱ ትዝ አለኝ። ጥያቄውን ሳልመልስ አቋርጬ ነው የወጣሁት። አይቶታል ወይ?»

ዳኜ ወደ እግሩ፣ ወደ ጉድጓዱ አየ። ጌቱ ታየው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ብርጭቆውን ይዞ፣ ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ጉድጓድ። ‹መሠረቱ ካልተነካ› ያለው ቃል ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቱን ሲያመው ጉድጓዱን ወደ ኋላ አስፍቶታል። ከግንቡ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቸግሮት ነበር፤ ግማሽ ቀን በዲጂኖ ታግሎ ነቅሎ አወጣው። ደጃፍ ላይ ያለው፣ ጌቱ ጫማውን ያራገፈበት ድንጋይ እሱ ነው። ይህን የደበቀው ማንም የለም። በሸማኔ ቤት ጉድጓድ እንደ በርና እንደ ጣሪያ ያለ ነገር ስለሆነ ለማንም አይወራም።

«አስቻለች! ውጪ!»

ሚስቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሻንጣዋን ሳታነሣ፣ እንዝርቷ እጇ ላይ እንዳለ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መጣች። ዳኜ በብብቷ ሥር ገብቶ ተሸከማት ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞሮ የሠርጉን ልብስ አየ፣ እጁም ሊዘረጋ ቃጣው፤ አልዘረጋም። ድንጋዩን ተራምደው ጎረቤታቸው በር ሲደርሱ ግንቡ ወረደ።

እንደሚጠበቀው ብዙ አልጮኸም። ሸክም የበዛበት ሰው ሲቀመጥ እንደሚለው እህ አለና ቤቷ በቆመችበት ቦታ ላይ ጭቃና ድንጋይ ተቀመጠ። ቆርቆሮው ብቻ ከላዩ ተንጋዶ ታየ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ኢየሩ የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ወርዳ ዳገቱን በሩጫ ወጥታ፣ ለዲፌንሱ የገዛችው ጥቁር ጫማ በእጇ፣ እግሯ በጭቃ ተነክሮ። ጎረቤት በር ላይ ብርድ ልብስ ተጎናጽፈው ስታያቸው ቆመች። ከዚያ መጥታ እናቷን ጨምቃ ያዘች።

ዳኜ ደስታው አፍኖት ነበር። ቤቱም፣ ድሩም፣ ላስቲክ የለበሰችው ገጽም ከጭቃው በታች ናቸው፤ ግድ አልሰጠውም። «ኢየሩ፣ ጥቁሯን አመለጥናት እኮ!» አላት፤ ሳቀ እንኳ።

እሷ አልሳቀችም። ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ደግሞ የደስታ አልነበረም፣ ዳኜ ልጁን ያውቃታል። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ደጃፉ የነበረበት ቦታ ላይ ያንን ድንጋይ አየው፤ ሳይነካ ቀርቷል።

«ጉድጓዱ ሲቆጠር» አለ ዳኜ፣ «ከሃምሳው ስንቱ ጥቁር ነበር?»

ኢየሩ ጭቃውን ተመለከተች። «ግማሽ» አለች። «ግማሽ ግማሽ ነበር አባዬ።»

አርባ ዓመት ክር የቆጠረ ሰው፣ ሳይቆጠር የተነገረ ቁጥር አያመልጠውም። ፈታኙ ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ። ዝናቡ በዚያች ደቂቃ ባያባራ ኖሮ። እንደ ወትሮው ስልኩን ቢተወው ኖሮ። ዳኜ ጥቁሮቹን ሊቆጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረና ተወው።

ልጁን አያት። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች፤ ቢጎትቱት አትለቀውም። ያኔ ለማን እንደምታለቅስ ገባው። ዛሬ ከዚያው ታክሲ የወረዱ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በዚያው ኮብልስቶን እየሮጡ የመጡ፣ እዚህ በር ላይ ሲደርሱ ግን ማንም ያልጠበቃቸው ሌሎች ኢየሩዎች አሉ። ብዙ ናቸው፤ ከዚህችኛዋ በጣም ይበዛሉ።